በአንድ ሱቅ ሁለት መዝገብ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚጓዝ መንገደኛ ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ፣ ከሥር ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ተዘርግተው ያያል። አንደኛው የቀድሞው ነው፤ ሁለተኛው በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. ለመኪና የተከፈተው፣ ርዝመቱ 303 ሜትር የሆነው ድልድይ ነው። ሁለቱም የሚያወጡት ወደ አንድ ከተማ፣ ወደ ደጀን ነው። ዳሩ ግን አንዱ የሌላውን መሠረት አይነካም፤ ለየራሳቸው ምሰሶ አላቸው። መሐንዲሱ ሁለቱን በአንድ ምሰሶ ላይ ላቁም ብሎ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ፣ እንኳን የጭነት መኪና በቅሎም ባላለፈ ነበር።

ይህን ማንሣቴ ስለ ድልድይ ለማውራት አይደለም። አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ላጫውትዎ የፈለግሁት በአንድ ዌብሳይት ላይ ሁለት የመሸጫ ፕሮግራሞች አብረው ሲጫኑ በመካከላቸው ስለሚነሣው ጠብ ነው። ነገሩ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ብቻ ጣጣ ይመስላል። አይደለም፤ ገንዘቡን ልኮ ዕቃውን የሚጠብቅ ሰው አለበትና።

እርስዎ ተማሪ ነዎት እንበል፤ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት በቅርቡ የተቀጠሩ ጸሐፊ። ደጀን ላይ ጤፍና ማር የሚነግዱ አጎት አሉዎት። የጎጃም ጤፍ ለአዲስ አበባ ሰው ማስታወቂያ አያሻውም፤ የሚያሻው ቶሎ የሚደርስበት መንገድ ነው። አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ እንደ ተቀመጣችሁ አጎትዎ፣ «ልጄ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ በስልኩ ይገዛል ይሉኛል፤ አንተ የተማርህ ነህ፣ ለእኛስ ሱቅ እንዲህ ያለ ነገር አትሠራልንም ወይ?» ይሉዎታል። የተማረ ዘመድ መቼም ዕዳው ብዙ ነው። ድሮ ለመንደሩ ሁሉ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር፤ ዛሬ ዌብሳይት ይሠራል።

«እሺ ጋሼ» ብለው ሥራውን ሲጀምሩ የሚያገኙት መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ዎርድፕረስ የተባለው ነው። ይህን ፕሮግራም አሜሪካዊው ማት ሙለንወግና እንግሊዛዊው ማይክ ሊትል በግንቦት 2003 እ.ኤ.አ. አወጡት፤ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያለ ዋጋ ይታደላል፤ በዓለም ላይ ካሉት ዌብሳይቶች ከመቶው ከ40 የሚበልጡት የሚሠሩት በእርሱ ነው። ብቻውን ግን ጽሑፍና ሥዕል ያሳያል እንጂ ዕቃ አይሸጥም። ለመሸጥ ፕለጊን ይጨመርበታል። ፕለጊን ማለት በዋናው ፕሮግራም ላይ ተሰክቶ አዲስ ችሎታ የሚሰጥ ጥቅል ነው፤ ይህን በር የከፈተው በ2004 የወጣው የዎርድፕረስ 1.2 እትም ነው።

ከመሸጫ ፕለጊኖች ስመ ጥሩው ዉኮሜርስ ሲሆን የወጣው በ2011 ነው። የሚያስገርመው፣ ዉኮሜርስ ራሱ የተነሣው ጂጎሾፕ ከተባለው ሌላ የመሸጫ ፕለጊን ኮድ ተቀድቶ ነው። ፈቃዱ መቅዳትን ስለማይከለክል ነገሩ በሕግ ነውር የለበትም፤ የሆነ ሆኖ ልጁ አባቱን በለጠና የአባቱ ስም ተረሳ። በ2012 ደግሞ እንደ መጽሐፍና ዜማ ያለውን፣ በፋይል የሚላከውን ሸቀጥ ለመሸጥ ኢዚ ዲጂታል ዳውንሎድስ የተባለው መጣ። ሌሎችም ብዙ አሉ፤ ሁሉንም መዘርዘር አያስፈልግም።

«ሁለት ባላ ትከል»

ታዲያ ሰው ለምን ሁለቱን በአንድ ዌብሳይት ላይ ይጭናል? ክፋት ኖሮበት አይደለም። መጀመሪያ የጫኑት ፕለጊን ዕቃውን አሳምሮ ያሳያል፤ አንድ ጓደኛ መጥቶ «በሌላኛው እኮ ክፍያው ይቀላል» ይላል፤ እርስዎም የፊተኛውን ሳያነሡ ሁለተኛውን ይጨምራሉ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዌብሳይቱን ከእርስዎ በፊት የጀመረው ሌላ ሰው አንዱን ፕለጊን ትቶበት ይሄዳል፤ ማን ምን እንደሚሠራ ስለማይታወቅ ማንም አይነካውም። በዚህ ሁሉ ላይ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ተረት በልባችን አለ።

ተረቱ ለባላ እውነት ነው። ለመዝገብ ግን አይሠራም። በመዝገብ ቤት የሠራችሁ ይህን ከማንም ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ሁለት ጸሐፊዎች በሁለት መዝገብ፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ ለገቢ ደብዳቤ ቁጥር ቢሰጡ በሳምንቱ 47 ቁጥር ያላቸው ሁለት ደብዳቤዎች ይኖራሉ። ኃላፊው «47ን አምጡ» ባሉ ቀን የሚሆነውን ለእናንተ መንገር አያሻም።

አሁን ወደ አጎትዎ መጋዘን እንመለስ። የቀረው ጤፍ 5 ኩንታል ብቻ ነው እንበል። የአንደኛው ፕለጊን መዝገብ 5 ይላል፤ የሁለተኛውም 5 ይላል። ከባሕር ዳር አንዱ ገዥ በአንደኛው በኩል 4 ኩንታል ያዝዛል፤ መዝገቡም ወደ 1 ይወርዳል። በዚያው ቀን ከአዲስ አበባ አንዲት ሴት በሁለተኛው በኩል ትገባለች፤ እዚያ ግን አሁንም 5 ነው የሚለው፤ እርሷም 3 ታዝዛለች። ከ5 ኩንታል 7 ተሸጠ ማለት ነው። ሁለቱም መዝገቦች በየራሳቸው ትክክል ናቸው፤ ስሕተቱ የሚታወቀው አይሱዙው ቆሞ ጫኙ ጆንያ ሲቆጥር ነው። ከሁለቱ አንዱ ገዥ ይቀርበታል፤ የሚቀርበትም ሰው ስለ ፕለጊን አያውቅም፤ የሚያውቀው የአጎትዎን ስም ነው።

የጤፉ ነገር በይቅርታና በሁለት ቀን መዘግየት ሊያልፍ ይችላል። የባሰው የገንዘቡ ነገር ነው።

ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2021 ከጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል በአገራችን እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ከዚያም ወዲህ ቻፓን የመሳሰሉ ድርጅቶች የነጋዴውን ዌብሳይት ከባንኮችና ከስልክ ገንዘብ ጋር የሚያገናኙ ሆነዋል፤ ለዉኮሜርስም የሚሰካ ፕለጊን አዘጋጅተዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ገዥው ሲከፍል የክፍያው ድርጅት ለዌብሳይቱ «ይህ ትእዛዝ ተከፍሎበታል» የሚል ምሥጢራዊ ማስታወቂያ በኮምፒዩተር ይልካል። ብዙ ጊዜ ማስታወቂያው የሚሄደው ነጋዴው አስቀድሞ ላስመዘገበው አንድ አድራሻ ነው። በዌብሳይቱ ላይ ሁለት ሻጮች ካሉ አድራሻው የአንዱ ብቻ ይሆናል፤ ሌላኛው የተከፈለውን ሳይሰማ ይቀራል።

ሳይሰማ ሲቀር ምን ያደርጋል? ዉኮሜርስ ያልተከፈለበትን ትእዛዝ ለዘላለም አይጠብቅም። ሰው ካልቀየረው በቀር የተሰጠው ጊዜ 60 ደቂቃ ነው። ሰዓቱ ሲሞላ ትእዛዙን ይሰርዝና ለገዥው ይዞት የነበረውን ጤፍ ወደ ገበያ ይመልሰዋል፤ ሌላ ሰውም ይገዛዋል። እንግዲህ ገዥዋ ደውላ «ገንዘቡን ልኬያለሁ፤ መልእክቱ ይኸው በስልኬ ላይ አለ» ትላለች። አጎትዎ ደግሞ መነጽራቸውን አድርገው «እኔ ዘንድ ተሰርዟል ነው የሚለው» ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በሁለት ሐቀኛ ሰዎች መካከል እንዲህ ያለ ጠብ መዝራት ቀላል በደል አይደለም።

ይህ እንደ ጨዋታ የሚታይ ነገር እንዳይመስልዎ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ በኮምፒዩተር የተለዋወጡት ቃል በወረቀት ላይ እንደ ተጻፈ ቃል ሕጋዊ ውጤት አለው። ዌብሳይቱ ለገዥዋ «ትእዛዝዎን ተቀብለናል» ብሎ የላከው መልእክት የአጎትዎ ቃል ነው።

በዚህ ላይ የሰዓት ነገር አለ፤ ይህ እኛን ኢትዮጵያውያንን ለብቻችን የሚያደክመን ነው። አንዱ ፕለጊን የክፍያውን ሰዓት በአዲስ አበባ ሰዓት ይጽፋል፤ ሌላኛው ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው በዓለም አቀፉ መለኪያ ይጽፋል። ገዥዋ «ጧት በ3 ሰዓት ከፍያለሁ» ትላለች። አንዱ መዝገብ 9፡00 ይላል፤ ሌላው 6፡00። ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች፣ አንድ ክፍያ! ስለዚህ ክፍያን ከትእዛዝ ጋር ሲያመሳክሩ በሰዓት አይመኑ፤ የክፍያውን ማጣቀሻ ቁጥር ይያዙ። እርሱ በአገርም በፈረንጅም አቆጣጠር አይለወጥም።

ጠቡ ከየት ይመጣል?

ከላይ የነገርኩዎ ጠብ ስውር ነው፤ ዌብሳይቱ የሚሠራ ይመስላል። በግልጽ የሚታየው ጠብ ከዚህ ይለያል፤ ገጹ በሙሉ ይጠፋል።

ምክንያቱ ስም ነው። ፕለጊኖቹ የተጻፉበት ፒ ኤች ፒ የተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ በአንድ ጊዜ አንድ ስም ለሁለት ሥራ እንዲሰጥ አይፈቅድም። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አበበዎች ቢኖሩ አስተማሪው በአባት ስም ይለያቸዋል፤ ፒ ኤች ፒ ግን ሁለተኛው አበበ ከበር ሲገባ ትምህርቱን አቁሞ ክፍሉን ይዘጋል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ፕሮግራም ጸሐፊዎች በሥራዎቻቸው ስም ፊት የፕለጊኑን ስም እንደ አባት ስም የሚቀጥሉት። ቀድሞ እንዲህ ያለ ስሕተት ሲደርስ የሚታየው ነጭ ገጽ ብቻ ነበር፤ ባለቤቱም እንደ ሌላው ሰው በር ላይ ይቀራል። በግንቦት 2019 የወጣው ዎርድፕረስ 5.2 ይህን አሻሻለ፤ ጥፋተኛውን ፕለጊን ለባለቤቱ ብቻ አቁሞ መግቢያ የሚሆን ማያያዣ በኢሜይል ይልካል። ኢሜይሉ የሚደርሰው ግን በትክክል የተመዘገበ አድራሻ ካለ ነው። ዌብሳይቱን የጀመረው ያ የሄደው ሰው የራሱን አድራሻ አስገብቶ እንደ ሆነ ዛሬውኑ ይዩት።

የአድራሻም ጠብ አለ። ዉኮሜርስም ኢዚ ዲጂታል ዳውንሎድስም ሲጫኑ «ቼክአውት» የሚባል የሂሳብ መክፈያ ገጽ ለራሳቸው ይከፍታሉ። ዎርድፕረስ ሁለት ገጽ በአንድ ስም ስለማይቀበል ለሁለተኛው «ቼክአውት 2» የሚል ስም ይሰጠዋል። እነሆ በአንድ ሱቅ ሁለት ገንዘብ ተቀባይ ተቀመጠ ማለት ነው። የዕቃዎቹ መዝገብም እንደዚሁ ነው፤ ሁለት ፕለጊኖች ዕቃቸውን በአንድ ዓይነት ስም ለማኖር ቢነሡ ዎርድፕረስ የኋለኛውን ተቀብሎ የፊተኛውን ያለ ድምፅ ይሽረዋል። ስሕተት አይጽፍም፤ አይጮኽም። እኔ በበኩሌ ከሚጮኸው ጠብ ይልቅ ይህን ዝም ያለውን እፈራለሁ።

ሦስተኛው ጠብ የሚነሣው በሰርቨሩ ሳይሆን በገዥው ስልክ ላይ ነው። «ወደ ዘንቢል ጨምር» የሚለው ቁልፍ የሚሠራው ጃቫስክሪፕት በተባለ ቋንቋ ነው፤ ሁለቱ ፕለጊኖች የዚህን ቋንቋ መሣሪያዎች በተለያየ እትም ካመጡ ቁልፉ ይታያል እንጂ ሲነኩት አይመልስም። በነሐሴ 2020 ዎርድፕረስ 5.5 ሲወጣ ለአሮጌ ጃቫስክሪፕት መሸጋገሪያ የነበረውን አንድ ፋይል በማንሣቱ ብቻ በዓለም ዙሪያ ብዙ ዌብሳይቶች ቁልፋቸው ደርቆ ነበር። አንድ ፋይል ይህን ካደረገ ሁለት ሙሉ ሱቅ ምን አያደርግ!

«ታዲያ ዎርድፕረስ ራሱ ለምን አስቀድሞ አያስጠነቅቅም?» ቢሉ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት እያንዳንዱ ጥቅል «እኔ ከእገሌ ጋር አልኖርም» ብሎ የሚያስመዘግብበት ቦታ አለ፤ ሁለቱን አብረው ልጫን ቢሉ እምቢ ይላል። በዎርድፕረስ ግን በሚያዝያ 2024 በወጣው 6.5 እትም የተጨመረው «እኔ ለመሥራት እገሌ ያስፈልገኛል» የሚለው ብቻ ነው፤ የወዳጅ መዝገብ አለ፣ የባላንጣ መዝገብ የለም። ዉኮሜርስ በራሱ በኩል አንድ ነገር አድርጓል። በጥቅምት 2023 በወጣው 8.2 እትም ለአዲስ ሱቆች ትእዛዞችን ከዎርድፕረስ የጋራ ሣጥን አውጥቶ በራሱ ሣጥን ማኖር ሲጀምር፣ ሌሎች ፕለጊኖች ከዚህ አሠራር ጋር መስማማታቸውን በግልጽ እንዲያስታውቁ ጠይቋል። በሚቀጥለው ወር የመጣው 8.3 እትም ደግሞ የመክፈያውን ገጽ አሠራር ለአዲስ ሱቆች ለወጠ፤ ለአዲሱ ገጽ ያልተዘጋጀ የክፍያ ፕለጊን እዚያ ላይ ጭራሽ አይታይም። እንግዲህ አንድ ቀን ገዥዎችዎ «መክፈያው የለም» ካሉ፣ ከጠብ በፊት ይህን ይመርምሩ።

ምን ይደረግ?

ከሁሉ በፊት ቅጂ። ደጀን ማለት በቋንቋችን ከኋላ የሚቆም ኃይል፣ ፊተኛው ቢሸነፍ የሚመኩበት ማለት ነው፤ የከተማይቱ ስም ሥራውን ይነግርዎታል። የዌብሳይቱን ፋይሎችም፣ ትእዛዝና ገዥ የተመዘገበበትን ዳታቤዝም ቀድተው ከሰርቨሩ ውጭ ያስቀምጡ። ፋይሉን ብቻ ቀድቶ ዳታቤዙን የተወ ሰው የሱቁን ግንብ እንጂ መዝገቡን አላዳነም።

ከዚያ ሙከራውን ገዥ በማይደርስበት ሌላ አድራሻ ላይ በቅጂው ያድርጉት። ቅጂው ግን ለእውነተኛ ገዥዎች ኢሜይል እንዳይልክ፣ እውነተኛ ገንዘብም እንዳይቀበል አስቀድመው ይዝጉት። ቅጂ ለማዘጋጀት አቅም ከሌለ ሄልዝ ቼክ ኤንድ ትረብልሹቲንግ የተባለ ፕለጊን አለ፤ ፕለጊኖችን ሲያጠፉ ለእርስዎ ብቻ ይጠፋሉ፣ ለሌላው ሰው ዌብሳይቱ እንደ ነበረ ይታያል።

በሩ ተዘግቶብዎ ወደ ዌብሳይቱ መግባት ካልቻሉም ተስፋ አይቁረጡ። በሰርቨሩ ላይ ፕለጊኖች የተቀመጡበትን ቦታ ከፍተው የተጠረጠረውን የፕለጊን ፎልደር ስሙን ይለውጡ፤ አንድ ፊደል መጨመር ይበቃል። ዎርድፕረስ ፈልጎ ሲያጣው ራሱ ያቦዝነዋል፤ በሩም ይከፈታል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጭንቀቱ በግማሽ ይቀንሳል።

አሁን ጥፋተኛውን መፈለግ ነው። አንዱን የመሸጫ ፕለጊን ብቻ ይተዉና ሌላውን ሁሉ ያጥፉ፤ የገጹንም መልክ ከዎርድፕረስ ጋር ወደ መጣው ተራ መልክ ይመልሱ። ሱቁ ከሠራ የጠፉትን መልሰው ያብሩ። ፕለጊኖቹ 16 ቢሆኑ አንድ በአንድ ሲሄዱ ይመሽብዎታል፤ ይልቁንስ ስምንቱን ያብሩ፣ ጠቡ ከተመለሰ ጥፋተኛው ከስምንቱ ውስጥ ነው፤ ከዚያ አራቱን፣ ከዚያ ሁለቱን። በአራት ሙከራ ይያዛል። በየሙከራው ግን ዕቃ ወደ ዘንቢል ጨምረው እስከ ክፍያው ድረስ ይሂዱ፤ የመጀመሪያው ገጽ ስለ ታየ ብቻ «ተስተካከለ» ማለት አይቻልም።

የስሕተቱ መዝገብም ይረዳል። ዎርድፕረስ እንዲጽፍ ከታዘዘ ስሕተቱን «ዲበግ» በሚባል ፋይል ይጽፋል፤ የትኛው ፕለጊን፣ በየትኛው ፋይል፣ በስንተኛው መስመር እንደ ወደቀ ይነግራል። ነገር ግን የወደቀው ሁልጊዜ ጥፋተኛው አይደለም። ዎርድፕረስ ፕለጊኖችን የሚጠራው በፎልደራቸው ስም በፊደል ተራ ስለ ሆነ፣ በአንድ ስም ሲጣሉ የሚወድቀው በተራው ኋላ የመጣው ነው፤ ቀድሞ ገብቶ ቦታውን የያዘበት ዝም ብሎ ተቀምጧል። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ የጮኸውን ብቻ ይዞ የሚሄድ ፖሊስ እንዳይሆኑ።

ጥፋተኞቹ ሁለቱ የመሸጫ ፕለጊኖች ራሳቸው መሆናቸው ከታወቀ በኋላ ያለው ሥራ የኮምፒዩተር ሳይሆን የፍርድ ሥራ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ይመረጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያመነታል፤ የአንዱን መልክ ከሌላው ክፍያ ጋር ለማስማማት ኮድ እየቀጣጠለ ወራት ያባክናል። በእኔ አስተያየት ይህ ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት መሆን ነው። ፕለጊኖቹ በታደሱ ቁጥር የተቀጣጠለው ይበጠሳል። ምርጫውን በመልክ አያድርጉት፤ መልክ ይለወጣል። ክፍያዎቹ በየትኛው በኩል በደኅና ይገባሉ? በመጋዘን ያለውን ቁጥር የትኛው በትክክል ይይዛል? የሚያድሰው ሰው አለ ወይስ ከተነካ ዓመታት አልፎታል? እነዚህን ይጠይቁ። አጎትዎንም ይጠይቁ፤ በየማታው መዝገቡን የሚያዩት እርሳቸው ናቸው።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ሥራ ሲጀምር የተነሣው ከዚሁ ሐሳብ ነበር። እህሉ ወደ መጋዘን ሲገባ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ላስገባው ሰው ደረሰኝ ይሰጠዋል፤ የሚሸጠውም በደረሰኙ ነው። ያንኑ ጆንያ በሌላ ደረሰኝ ደግሞ መሸጥ አይቻልም። የአጎትዎ ሱቅ ትንሽ ቢሆንም የሚያስፈልገው ያው ነው።

የተመረጠው ከታወቀ በኋላ የሚሰናበተውን በአንድ ቀን አይቁረጡት። መጀመሪያ አዲስ ትእዛዝ እንዳይቀበል ይዝጉት። በእርሱ በኩል ተከፍሎባቸው ያልተላኩትን ትእዛዞች በማጣቀሻ ቁጥራቸው አንድ በአንድ እያመሳከሩ ይጨርሱ፤ የቀድሞው ትእዛዝ በቀድሞው መዝገብ ይለቅ እንጂ ወደ አዲሱ ለመገልበጥ አይድከሙ፤ ሲገለበጥ የሚሳሳት ይበዛልና። የዕቃውን ዝርዝር ግን በሰንጠረዥ ፋይል አውጥተው ወደ አዲሱ ማስገባት ይቻላል፤ ዉኮሜርስ ለዚህ የተዘጋጀ መሣሪያ በውስጡ አለው። የመጋዘኑን ቁጥር ከየትኛውም መዝገብ አይገልብጡ፤ መጋዘን ገብተው ጆንያውን ይቁጠሩ። በቴሌግራም የበተኑት አሮጌ የመክፈያ አድራሻም ወደ አዲሱ እንዲመራ ያድርጉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ፕለጊኑን ያቦዝኑ። ማቦዘንና መሰረዝ አንድ አይደሉም፤ ሲያቦዝኑት መዝገቡ በዳታቤዙ ውስጥ ይቆያል፣ ሲሰርዙት ግን አንዳንዱ ፕለጊን መዝገቡን ይዞ ይሄዳል። ሂሳቡ እስኪዘጋ ድረስ አይቸኩሉ።

ሁለቱም የግድ የሚያስፈልጉበት ጊዜ የለም አልልም። አጎትዎ ጤፍ ይሸጣሉ፤ የአጎትዎ ልጅ ደግሞ ስለ ንብ ማነብ የጻፈችውን ትንሽ መጽሐፍ በፋይል ልትሸጥ ትፈልጋለች እንበል። ያን ጊዜ ለየራሳቸው ቤት ይሥሩላቸው፤ መጽሐፉ በሌላ ንዑስ አድራሻ፣ በሌላ ዳታቤዝ ላይ ይቀመጥ። ወይም ዎርድፕረስ ከ2010 ጀምሮ አንድ ሰው ብዙ ዌብሳይቶችን በአንድ አስተዳደር እንዲይዝ ስለሚፈቅድ፣ አንደኛው ፕለጊን በአንደኛው፣ ሁለተኛው በሁለተኛው ብቻ ይብራ። ጤፍና መጽሐፍ የጋራ ክምችት ስለሌላቸው አይጋጩም። ያው ጤፍ በሁለቱም እንዲሸጥ ግን አይፍቀዱ።

ሱቁን መልሰው ከመክፈትዎ በፊት አዲስ አበባ ላለ አንድ ጓደኛዎ ይደውሉና አንድ ኪሎ ማር በእውነተኛ ገንዘብ እንዲገዛ ይለምኑት። ሲከፍል አጎትዎ አጠገብዎ ይቀመጡ። ክፍያው ገባ ወይ? ትእዛዙ «ተከፍሏል» ወደሚለው ተዛወረ ወይ? በመዝገቡ ላይ 12 ኪሎ ከነበረ አሁን 11 ይላል ወይ? ጓደኛዎ ዘንድ የደረሰው መልእክት አንድ ብቻ ነው ወይስ ሁለት? ሁለት ከሆነ አንዱ ሻጭ ገና አልወጣም ማለት ነው፤ ተመልሰው ይፈልጉት። 60 ደቂቃም ይጠብቁ፤ ትእዛዙ ሳይሰረዝ ከቆየ ማሩን በደንብ አሽገው በማለዳው አውቶቡስ ይላኩለት።